ቀይዋ አምፖልና የፉፋ ስም

መምህር አሻግሬ ከሥራው ሁሉ አብልጦ የሚወደው ደመወዝ የማይከፈልበትን ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ አምቦ ውስጥ በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ የመኪና ኤሌክትሪክ ያስተምራል፤ እንዲህ ሲያስተምርም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግን ቁርሱን ቀማምሶ፣ ዘይት የጠገበ ቱታውን አጥልቆ ግቢው ውስጥ ብቅ ይላል። በሩ ላይ መኪናው ያስቸገረው ሰው ጠፍቶ አያውቅም። አንዱ መብራቱ እምቢ ብሎት፣ ሌላው ጡሩምባው አልዘጋ ብሎት ይመጣል። አሻግሬም አንድ በአንድ አይቶ ይመልሳቸዋል። ሳንቲም አይቀበልም፤ «ተው እባክህ፣ ጎረቤት አይደለንም እንዴ» ብሎ የተዘረጋውን እጅ ይመልሳል። የቀበሌው ሰው በሙሉ ስለ ደግነቱ ያወራለታል። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን አሻግሬ በነፃ ሠርቶ አያውቅም። ክፍያው ምስጋና ነበር፤ እሱንም ሳይሸራረፍ ነው የሚቀበለው።

የተወለደው ጉደር ነው። አባቱ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ፤ ገና ልጅ ሳለ ከጎናቸው እያስቀመጡ ነቀምት ድረስ ይወስዱት ነበር። የመኪና ሕመም በድምፁ መለየት የጀመረው ያኔ ነው ይላል ራሱ ሲያወራ። እዚህ ላይ ትንሽ ይጨምርበታል፤ ቢሆንም እጁ ላይ ሐሰት አልነበረበትም፣ የነካውን ያሽራል። ሚስቱ ዘነበወርቅ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። ሲካድ፣ ሲማል፣ ሲታረቅ ስታይ የኖረች ሴት ስለሆነች አሻግሬ የውጭ ሰው ፊት የሚያወራውን ያህል እሷ ፊት ደፍሮ አያወራም።

ይህ ታሪክ የተጀመረው በሁለት ሺህ አሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለች አንዲት እሑድ ነው። በዚያች እሑድ ግቢው ውስጥ የቆመችው የኦቦ ሌንጂሳ ሚኒባስ ነበረች። ኦቦ ሌንጂሳ እህል ነጋዴ ናቸው፤ ይህችን አሮጌ ሚኒባስ ከአምቦ እጃጂ ያመላልሷታል። የመጨረሻ ልጃቸውን ሃዋኒን ክርስትና ያነሳቻት ዘነበወርቅ ስለሆነች ሁለቱ ቤተሰቦች አበልጅ ናቸው። አበልጅ ደግሞ ከሥጋ ዘመድ አይተናነስም፤ በአበልጅ መካከል መጠራጠር ነውር ነው፣ የአበልጅ ቃል ሌላ ምስክር አያስፈልገውም።

ችግሩ ቀላል ነበር። ዳሽቦርዱ ላይ ያሉት መብራቶች አልበራ ብለው ሾፌሩ ሲመሽ ስንት እንደሚነዳ አይታየውም። አሻግሬ ዳሽቦርዱን ፈታ። ኦቦ ሌንጂሳ ከሁለት ጎረቤቶች ጋር በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ «ይህ ሰው እኮ እጁ ቡራኬ አለበት፤ አዲስ አበባ ያቃታቸውን ነው እዚህ ግቢ ውስጥ የሚሠራው» እያሉ ያወድሱታል። አሻግሬ አልሰማሁም እንደሚል ሰው አቀርቅሮ እየሠራ፣ ጆሮው ግን እነሱ ዘንድ ነበር። ልቡ እዚያ ሳለ አንዲት ትንሽ አምፖል ጣቱ መሐል ተሰባበረች። የባትሪ ምልክት ያለባት፣ ቁልፍ ሲዞር ቀይ የምትበራው ናት።

ቀና ብሎ አየ። ማንም ልብ አላለም። «አበልጅ፣ አንዲት አምፖል ሰበርኩ፣ ነገ እተካታለሁ» ማለት ምን ያህል ቀላል ነበር? ግን ያን ሁሉ ውዳሴ በዚህች ኢምንት ነገር ማቋረጥ ከበደው። ስባሪውን ኪሱ ከተተ፤ ባዶውን ቀዳዳ እንዳለ ትቶ ዳሽቦርዱን ገጠመው። ሌሎቹ መብራቶች ቦግ ሲሉ ሦስቱም አጨበጨቡለት። ሰኞ ገዝቼ አስገባታለሁ ሲል ለራሱ ቃል ገባ። ሰኞ ፈተና ነበር፣ ማክሰኞ ለቅሶ፤ ረቡዕ ላይ ነገሩ ከሐሳቡ ወጥቶ ነበር። ሰው የሚያሳፍረውን ለመርሳት ብዙ ቀን አይፈጅበትም።

የሚኒባሷ ሾፌር ፉፋ ይባላል፤ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ዝምተኛ፣ አራት ዓመት ሙሉ ለኦቦ ሌንጂሳ አንድ ቀን ሳያጓድል የነዳ ሰው ነው። እጃጂ ተወልዶ አድጓል፤ እናቱም እዚያው ናቸው። ከዚያች እሑድ ማግሥት፣ ሰኞ የመጨረሻውን ጉዞ ጨርሶ እንደ ልማዱ መኪናዋን በእናቱ ደጅ አቁሞ አደረ። ማክሰኞ ጠዋት ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ጭራሽ አልተነሣም፤ ባትሪው ሞቷል። ተሳፋሪው ገፍቶ አስነሣለት። ከዚያ ቀን በኋላ መኪናዋ ሳትገፋ አልነሣ አለች። ኦቦ ሌንጂሳ አዲስ ባትሪ ገዙ፤ አዲሱም ሳምንት ሳይሞላው ሞተ። ፉፋ ቁልቁለት እየፈለገ ማቆም ጀመረ። የሚገርመው ደግሞ መንገዱ ላይ ያለውን የጌዶን ዳገት ስትወጣ፣ ሞተሩ ሲጮህ፣ ባትሪው ይሞላል፤ ከተማ ውስጥ ቀስ ስትል ይተኛል። ነገሩ ለማንም ግራ ሆነ።

ሞተሩ ሲዞር አብሮ እየዞረ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞው ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ጣቱን ወደ ዲናሞው ቀሰረ። መናኸሪያው አጠገብ ያለ አንድ ባለሙያ ፈታው፤ ጠረጴዛ ላይ አስሮ ሲያየው ግን ይሠራል። «ያረጀ ነው እንጂ ጤነኛ ነው» ብሎ መለሰው። ይቺ «ያረጀ ነው» የምትል ቃል ኦቦ ሌንጂሳ ጆሮ ውስጥ ተቀረቀረች። የእሳቸው ዲናሞ ስድስት ዓመት አንድ ቀን አስቸግሯቸው አያውቅም። የተበላሸው እጃጂ ባደረ ማግሥት ነው። እጃጂ ያደረው ደግሞ ፉፋ ደጅ ነው። ነጋዴ ናቸውና ደመሩት፤ ድምሩም ጥሩውን አውጥቶ አሮጌ አስገብቶበታል የሚል ሆነ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አሻግሬ ቤት መጡ። ነገሩን ከሥሩ ካጫወቱት በኋላ ዲናሞ በአንድ ሌሊት ተፈትቶ ሊቀየር ይችል እንደሆነ ጠየቁት። አሻግሬ ሰዓትም አይፈጅም አላቸው፤ ይህ እውነት ነው። ከዚያ ጠጋ ብለው፣

«ታዲያ ፉፋ ቀይሮብኝ ሊሆን ይችላል ነው የምትሉት?» አሉት።

በዚያች ቅጽበት አሻግሬ ቀይዋ አምፖል ትዝ አለችው። ባትሪ፣ ዲናሞ፣ ከዚያች እሑድ ወዲህ። ይህን ነገር በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሳለ የሚያስተምረው እሱ ነው። «አምጡልኝ፣ ልየው» ማለት ይገባው ነበር። ካየ ግን ያገኛል፤ ካገኘ መናገር ሊኖርበት ነው። ንግግሩን ለመጨረስ ያህል ብቻ፣

«ሊሆን ይችላል» አለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በማግሥቱ ኦቦ ሌንጂሳ ቁልፉን ከፉፋ ተቀበሉ። ወሬው ፉፋን ቀድሞ እጃጂ ገባ፤ እዚያ ሲደርስ ደግሞ «ሊሆን ይችላል» የሚለው ቀርቶ፣ መምህር አሻግሬ ራሳቸው ፈትሸው አረጋግጠዋል ተብሎ ነበር። አሻግሬ እንኳን ሊፈትሽ ኮፈኑን አልከፈተም። ይህን ለማንም አላስተባበለም።

ሁለት ወር አለፈ። ለፉፋ መኪና የሚሰጠው ባለንብረት ጠፋ፤ ሚስቱ ደግሞ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ተቃርቧል። አንድ ቅዳሜ አሻግሬ ከገበያ ሲመለስ መናኸሪያው ውስጥ አየው። እሱ ይነዳት እንደነበረችው ባለች ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የሰው ጆንያ ያስራል። ፉፋም አየውና ወረደ፤ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠው፤ «አካም ጂርቱ ባርሲሳ፣ ልጆች ደኅና ናቸው?» አለው። አካም ጂርቱ እንዴት ነዎት፣ ባርሲሳ ደግሞ መምህር ማለት ነው። ቢሰድበው ይሻለው ነበር። አሻግሬ ያን ቀን ምሳ አልበላም፤ ዘነበወርቅ ምን ሆንክ ስትለው ፀሐይ መታኝ አላት።

ፉፋ ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ሥራውን አልለመነም፤ «ስሜን መልሱልኝ» ብሎ ሽማግሌ ጠየቀ። ኦቦ ሌንጂሳም እሺ አሉ። ከአገር ሽማግሌ ኦቦ ኢዶሳ፣ ከቤተ ክርስቲያን ቄስ መልአኩ ተመረጡ። ነገሩ የመኪና ስለሆነ ሦስተኛው ሽማግሌ መኪና የሚያውቅ መሆን አለበት ተባለ። ኦቦ ሌንጂሳ አበልጃቸውን ለመጥራት ትንሽ አፈሩ፤ ለእኔ ያደላል ይባላል ብለው። አሻግሬን የጠራው ፉፋ ነው። «ባርሲሳ ይሁኑ፤ እሳቸው ካዩት እውነቱን ያውቁታል» አለ። ይህን ሲነግሩት አሻግሬ የተቀመጠበት ወንበር ጎረበጠው። እምቢ ማለት አይቻል፤ እምቢ ቢል ለምን ይባላል።

ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ መኪናዋን ቤቱ ወስዶ እንዲመረምራት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ኦቦ ሌንጂሳ በረንዳ ላይ ለመቀመጥ ወሰኑ። ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባሷ ተገፍታ ተነሥታ ግቢው ገባች። አሻግሬ በሩን ዘጋ፤ የመጣውንም ሰው ሁሉ ዛሬ ሥራ አለብኝ ብሎ መለሰ።

መልሱን እያወቀ እንደማያውቅ ሰው ከመጀመሪያው ጀመረ። ምናልባት፣ ምናልባት ሌላ ነገር ይሆናል የሚል ተስፋ ነበረው። በሕይወቱ ሙሉ ዲናሞ ተቃጥሎ እንዲያገኘው እንደዚያ ቀን ተመኝቶ አያውቅም። የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ቴስተሩን ባትሪው ላይ አደረገ፤ ሞተሩ ሳይነሣ አሥራ ሁለት ቮልት ገደማ አነበበ። ጎረቤት ጠርቶ አስገፍቶ ሞተሩን አስነሣ፤ ቴስተሩ ንቅንቅ አላለም። ዲናሞው ቢሠራ ኖሮ ወደ አሥራ አራት መውጣት ነበረበት። የሚያዞረውን የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋውን በአውራ ጣቱ ተጭኖ አየው፤ ጥብቅ ነው። የባትሪውን ጫፎች ፈትቶ በአሸዋ ወረቀት ፈገፈጋቸው፤ ለውጥ የለም። ከዲናሞው ወደ ባትሪው የሚሄደውን ወፍራም ገመድ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጁ ዳሰሰው፤ ደኅና ነው። ፊውዞቹን አንድ በአንድ አወጣቸው፤ አንድም የተቃጠለ የለም። ዲናሞውን ፈትቶ ውስጡን ከፈተና እየተፋተጉ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉትን ካርቦኖች አየ፤ ገና ብዙ ይሠራሉ። ጀርባው ላይ ደግሞ የስድስት ዓመት ዘይትና አቧራ ደርቆ እንደ ቅርፊት ይዟል። ከሞተሩ አካል ጋር አብሮ የኖረ ቅርፊት ነው፤ የተቀየረ ዲናሞ እንዲህ አይሆንም። ይቺን ብቻ ከሁለት ወር በፊት ኮፈኑን ከፍቶ ቢያያት ኖሮ ፉፋ ሌባ አይባልም ነበር።

መልሶ ገጠመው። የቀረው አንድ ነገር ነው። ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቁልፉን አዞረ። የዘይቱ ምልክት በራች፤ የፍሬኑ በራች። የባትሪው ቦታ ጨለማ ነው።

ይህች አምፖል ምልክት ብቻ አይደለችም። በእንዲህ ዓይነት አሮጌ መኪና ዲናሞው ራሱ መብራት ከማመንጨቱ በፊት ከባትሪው ትንሽ መቅመስ አለበት፤ ያችን ጥቂት የምታቀምሰው ይህችው ቀይ አምፖል ናት። እሷ ከሌለች ዲናሞው አይነቃም፤ ሞተሩ በጣም ሲጮህ ብቻ እንደ ምንም ባንኖ ይነሣል። የጌዶ ዳገት ምሥጢሩ ይኸው ነበር። አሻግሬ ወደ ጓዳው ገባና የትርፍራፊ ዕቃ ማኖሪያ ቆርቆሮውን ከአልጋው ሥር ስቦ ግቢው ውስጥ ዘረገፈ። እንደዚያች ያለ አምፖል አንድ ሳይሆን አምስት አገኘ። ሁለት ወር ሙሉ ከአልጋው ሥር ነበሩ።

አንዷን አስገባት። ቁልፍ ሲያዞር ቀይ ቦግ አለች፤ ሞተሩ ሲነሣ ጠፋች። ቴስተሩ አሥራ አራት ከምናምን አነበበ። ሥራው በአጠቃላይ እሩብ ሰዓት አልፈጀም። በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ቱታውን እያራገፈ ምስጋና የሚያዋጣ ሰው ይፈልግ ነበር፤ ያን ቀን ግን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ መሪውን ይዞ ቀረ። አፈረ። አምፖሏን በመስበሩ አልነበረም፤ አምፖል ይሰበራል። ያሳፈረችው ያቺ «ሊሆን ይችላል» ናት።

እዚህ ላይ ሰይጣንም ይሁን የራሱ ብልጠት አንድ መላ ጠቆመው። ፉፋን ነፃ ለማውጣት ራስን ማዋረድ ምን ያስፈልጋል? ዲናሞው የራሱ ነው፤ አልተቀየረም፤ አንድ ሽቦ ላልቶ ነበር። ይኸው አለቀ፤ ማንም አይጎዳም። ስልኩን አውጥቶ ኦቦ ሌንጂሳ ጋ ደወለና እንዲሁ አላቸው። ኦቦ ሌንጂሳ ደስ አላቸው፤ መረቁት፤ ሃዋኒ እንኳ ከኋላ ሆና የክርስትና እናቴን ሰላም በሉልኝ ስትል ተሰማች። ከዚያ ግን ሽቦ መቼም ዝም ብሎ እንደማይላላ፣ ምናልባት ፉፋ ዲናሞውን ሊፈታ ጀምሮ ሰው ደርሶበት እንደተወው አሁን ገና እንደገባቸው ነገሩት። አሻግሬ አይደለም ለማለት አፉን ከፈተ፤ ታዲያ ማን አላላው ቢሉት ምን ሊመልስ ነው? ስልኩ ተዘጋ። ለፉፋ ብሎ በዋሸው ውሸት ፉፋ ሌባ መሆኑ ሳይቀር ሥራውን ያልጨረሰ ሌባ ሆኖ አረፈው።

ዘነበወርቅ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ገመዱ ሥር ቆማ የስልኩን ንግግር ሰምታለች። የጨመቀችውን አንሶላ እያራገፈች የላላው ሽቦ የቱ እንደሆነ ጠየቀችው። አሻግሬ የቴስተሩን ገመድ መጠቅለል ጀመረ። ቆርቆሮውን፣ ዳሽቦርዱን፣ የእሱን ፊት አየች። ያችን እሑድ አስታወሰች መሰል፣ ብዙም አልጠየቀችም።

«ነገ ስትቀመጡ» አለችው «አንተ ከየትኛው ወገን ነው የምትቀመጠው?»

እሑድ በዘጠኝ ሰዓት ሦስቱ ሽማግሌዎች በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ኦቦ ሌንጂሳ በቀኝ በኩል ወንበር ይዘዋል፤ ፉፋ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ከደረጃው በታች ቆሟል። ቄስ መልአኩ አቡነ ዘበሰማያት አስደገሙ፤ ኦቦ ኢዶሳም በኦሮምኛ መረቁ። ሁለቱም ወገን የየራሱን ተናገረ። ፉፋ አላበዛም፤ አልነካሁም፣ ያደረግሁት አራት ዓመት ሳደርገው የኖርኩትን ነው አለ። ከዚያ ኦቦ ኢዶሳ ወደ አሻግሬ ዞረው ያየውን እንዲናገር ጠየቁት። አሻግሬ ዲናሞው የራሱ የመኪናዋ እንደሆነ፣ እንዳልተቀየረ ተናገረ። እዚያ ላይ አቆመ። የቀረውን ኦቦ ሌንጂሳ ጨረሱለት፤ ሽቦው ተላልቶ መገኘቱን፣ ያላላውም ሰው ማን ሊሆን እንደሚችል አስረዱ። አሻግሬ መሬት መሬት አየ።

ኦቦ ኢዶሳ ነገሩን አገላብጠው አሰቡበት። ምስክር የለም፤ ያየ ሰው የለም። እንዲህ ሲሆን አገሩ ያለው መፍትሔ አንድ ነው፤ ካኩ ይባላል፣ መሐላ ማለት ነው። ፉፋ ይማል፤ ከማለ ነፃ ነው፣ ከዚያ በኋላ ማንም ሌባ አይለውም። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ እዚያ በረንዳ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ግን ካኩ ምን እንደሆነ ያውቃል። እውነተኛም ቢሆን የማለ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ይታያል። ከብቱ ሲሞት፣ እህሉን በረዶ ሲመታው፣ ጎረቤት «ምናልባት ያ መሐላ ይሆን?» ይላል። ልጁ ሲታመምማ አይጣል ነው። ለዚህ ነው ጨዋ ሰው እውነት ይዞም ቢሆን መማልን የሚሸሸው።

ፉፋ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክር ጀመር። ሚስቱ ዛሬ ወይ ነገ ትወልዳለች። መልሱ ሲዘገይ ኦቦ ሌንጂሳ ወንበራቸው ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ፤ አየኸው፣ ፈራ ማለታቸው ነው። አሻግሬ በልቡ ይማል፣ ይማልና ይገላገል ሲል ራሱን ሰማው። ሲሰማው ደነገጠ። ለገዛ ጥፋቱ ያልተወለደ ሕፃን አስይዞ ሊያመልጥ ነው።

ፉፋ ባርኔጣውን ደረጃው ላይ አስቀምጦ ወደ ፊት ተራመደ። «እምላለሁ» አለ፤ ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

«አይማል» አለ አሻግሬ። ተነሥቶ ቆሞ ነበር፤ መቼ እንደተነሣ አያውቅም። «አይማል ኦቦ ኢዶሳ። የላላ ሽቦ የሚባል ነገር የለም፣ ትናንት ዋሽቻለሁ። መኪናዋን ያበላሸኋት እኔ ነኝ። ዳሽቦርዱን ስሠራ የባትሪውን አምፖል ሰብሬ ደብቄ ዘጋሁት። ባትሪውን የገደለው እሱ ነው። ቀይሮ ሊሆን ይችላል ወይ ስባል ሊሆን ይችላል ያልኩትም ሳላይ ነው።»

ከዚያ አሻግሬ ያልጠበቀው ነገር መጣ። ኦቦ ሌንጂሳ ሳቁ፤ ከልባቸው፣ ሸክም እንደወረደለት ሰው። ለአንዲት አምፖል ነው እንዴ ይህ ሁሉ አሉ፤ አበልጅ ሆነን ብትነግሩኝ ኖሮ ምን እላችሁ ነበር አሉ። ቄስ መልአኩ የሰው ልጅ ከስሕተት አይጸዳም፣ ትልቁ ነገር መናዘዝ ነው አሉ። ኦቦ ኢዶሳ እንዲቀመጥ በእጃቸው ምልክት ሰጡት፤ በሰው ፊት ቆሞ ጥፋቱን የሚናገር ስንት አለ፣ ባርሲሳ ዛሬ ትልቅነቱን አሳየን ብለው አመሰገኑት። ለስሕተቱ ሳይቀር ምስጋና ተከፈለው። ፉፋ ሁለት ወር ሙሉ ተነፍጎ የኖረውን ክብር አሻግሬ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አገኘው። እንደ ቀማኛ ሆኖ ተሰማው።

ፉፋን ይቅር በል አሉት። እንደ ደንቡ መጥቶ አሻግሬን አቅፎ ትከሻውን ሳመ፤ «ዲፋማ፣ ይቅር ብያለሁ» አለ። ደረቱ ግን እንደ ጣውላ ነበር። ኦቦ ሌንጂሳ የሚኒባሷን ቁልፍ አውጥተው በደረጃው ላይ አኖሩለት። ፉፋ አየው፤ አላነሣውም። ኦቦ ኢዶሳ ካሳ ምን እንደሚፈልግ ጠየቁት፤ ይገባሃልና ሳታፍር ተናገር አሉት።

ፉፋ ለመጀመሪያ ጊዜ አሻግሬን ፊት ለፊት አየው። «ሌላ ምንም አልፈልግም» አለ። «እጃጂ ሄደው ለእናቴ ይንገሩልኝ። እኔ በአባቴ አጥንት ብምልላት አላመነችኝም። መምህር አሻግሬ አይተውት አንተን ልመን ወይ አለችኝ።»

አሻግሬ ሰኞ ፈቃድ ጠይቆ በጠዋት አውቶቡስ ሄደ። ጉደርን አለፈ፤ ጌዶን አለፈ፤ የሚለውን ቃል ሲያዘጋጅ፣ ሲያፈርስ እጃጂ ደረሰ። የፉፋን እናት አዴ ዱሬቲን ከቤታቸው ጀርባ ነጭ ሽንኩርት ሲያርሙ አገኛቸው። ቀጭን፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ የታጠቁ ሴት ናቸው። ማን እንደሆነ ሲነግራቸው እጃቸውን ነጠላቸው ላይ ጠርገው ለመነሣት ሲጣደፉ፣ በልጃቸው ጥፋት ይቅርታ ሊጠይቁት እንደሆነ ገባው። ቀድሞ ተናገረ። ያዘጋጀው ሁሉ ጠፍቶበት፣ አምፖሏን፣ ውሸቱን፣ ሳያይ የተናገረውን እንዳለ ዘረገፈው። ልጅዎ አልሰረቀም፤ ምንም አልነካም አላቸው።

አዴ ዱሬቲ አልጮሁም፤ አልተሳደቡም። ያልታረመው መደብ መሐል ቀና ብለው ቆሙ። ዓይናቸው ሞላ እንጂ እንባው አልወረደም።

«ሁለት ወር ሙሉ» አሉ «ማርያም ደጅ እየቆምኩ፣ ሌባውን ልጄን ይቅር በይልኝ እያልኩ ነው የለመንኳት። ልጄን ሌባ አልኩት፣ በእሷ ፊት፣ በየጠዋቱ። አሁን ሄጄ ምን ልበላት?»

ቀበሌው ሁሉ የሚያወራለት ደግ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለጠየቀው ሁሉ መልስ ያላጣው መምህር፣ እዚያ ሽንኩርት መሐል ጫማው ጭቃ ውስጥ ገብቶ ቆመ። አዴ ዱሬቲ ግን የጠየቁት የምር ነበር። መምህር ነውና ለማርያም የሚሏትን እንዲነግራቸው፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ይጠብቁት ነበር።